የሴቶቹ ሁሉ ድምፅ

ቅናታም ነኝ። ኋላ ሌላ ሰው እንዳይነግራችሁ ከመጀመሪያው ራሴ ልናገር። ባሌ ያውቀዋል፣ ልጄ ታውቀዋለች፣ ጎረቤቶቼማ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከየት እንዳመጣሁት ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በዘጠኝ ዓመቴ፣ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ በገዛ እናቴ ነው የጀመርኩት። ቅናቴ ሆዴ ውስጥ ቢቀር ደግ ነበር። አልቀረም። እናቴን ከምትወደው ሥራ አስወጣት።

ሲኒማ ቤቱ የመንግሥትም የትልቅ ኩባንያም አልነበረም። የአንድ ሰው ነበር። ባለሲኒማው ኮቱ ላይ ክር የማይጠፋ ረጅም ሽማግሌ ሲሆን ሕንፃውን ከእህል መጋዘንነት ወደ ሲኒማ የለወጠው ራሱ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ላይ የሚወርደው ውሃ ከተዋናዮቹ በላይ ይጮሃል፤ ከኋላ ረድፍ ያሉት አግዳሚዎች ሰው በተነሳ ቁጥር ያቃስታሉ። ፊልሞቹ ትልልቆቹ ቤቶች አሳይተው የጠገቧቸው፣ የተቧጨሩ፣ የሰው አገር ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ። ከሥራቸው ጽሑፍ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ከተመልካቹ ግማሹ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ባለሲኒማው አንድ መላ ዘየደ። ከማሽን ክፍሉ አጠገብ በጣውላ ጠባብ ክፍል አሠራና ሁለት ወንበር፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ወደ አዳራሹ የሚያሳይ አንድ መስኮት አደረገባት። ሰዉ "ሳጥኑ" ይላታል። እዚያ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ፊልሙን እያዩ ተዋናዮቹ የሚሉትን በእኛ ቋንቋ ይናገራሉ። ወንዱ የወንዶቹን ሁሉ፣ ሴቷ የሴቶቹን ሁሉ።

ሴቷ እናቴ ነበረች።

የእናቴን ድምፅ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ንግሥት ስትሆን እናንተው ጎንበስ ትላላችሁ። አሮጊት ስትሆን ጥርሷ የረገፈ ይመስላችኋል። በአንድ ፊልም ውስጥ ሦስት እህትማማቾች ቢጣሉ ሦስቱንም እሷ ናት፤ እርስ በርሳቸው ሲሰዳደቡ ደግሞ አንዷ ከሌላዋ ቃል ስትነጥቅ ይሰማችኋል። አንዴ አንድ ጋሪ ነጂ ተዋናይዋ እዚያ ውስጥ ያለች መስሎት ሊያገባት ፈልጎ ሳጥኑ በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሟል። እናቴ ወጥታ ስታልፍ አላወቃትም። አጭር፣ ቀጭን፣ ነጠላ ጫማ ያደረገች ሴት ነበረች እኮ፤ ማን ይጠረጥራታል?

እንግዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ ያላት እናት ያለቻት ልጅ ቤቷ ውስጥ ምን ትሰማለች? ምንም። ፊልም በሚታይባቸው ቀናት፣ ማለትም ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ እናቴ ቤት ውስጥ አትናገርም። ትኩስ ውሃ ትጠጣለች፣ አንገቷን በሻርፕ ትጠቀልላለች፣ ስጠራት በእጇ ትመልስልኛለች። "ነይ" በእጅ፣ "ብዪ" በእጅ፣ "ተዪ" በቅንድብ። ጉሮሮዋን እያዳነችው ነው ይለኛል አባቴ። ለማን ነው የምታድነው? ለማያውቁን ሰዎች! እኔ ሳጥኑ ሥር ተቀምጬ፣ ስክሪኑ ላይ ላለች አንዲት ፀጉሯን በሪባን ላሰረች ቅምጥል "ልጄ፣ ዓይኔ፣ ወደ እኔ ነይ" ስትላት እሰማለሁ። አንድም ቀን ዓይኔ ብላኝ አታውቅም። ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ አልወዳትም።

ያኔ ያልገባኝ ሐኪም የነገራት ነገር ነበር። ጉሮሮዋ ውስጥ ትንሽ እብጠት ወጥቶ ነበር፤ ያላትን ድምፅ ለሥራዋ ብቻ እያብቃቃች ነው ሦስት ዓመት የዘለቀችው። ከእኔ የቀማችው መስሎኝ የኖርኩት፣ ለካ ከራሷም ላይ ነበር የምትቀማው።

አባቴ የማሽን ሠራተኛ ነው። ሁለቱን ትልልቅ ማሽኖች እየዘወረ፣ አንዱ ጥቅል ሊያልቅ ሲል ሌላውን ያስነሳል። በማሽን ክፍሉና በሳጥኑ መካከል መጽሐፍ የምታህል መስታወት አለች፤ ችግር ሲኖር በእጅ ምልክት እንዲነጋገሩባት ነው። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ የአባቴ የቆርቆሮ ሣጥን ላይ ቆሜ በዚያች መስታወት አያለሁ። የማየው ነገር ደግሞ ደስ አይልም።

በእናቴ አጠገብ የሚቀመጠው መምህሩ ነው። ቋንቋ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሽቶ የሚቀባ፣ ጢሙን የሚከረክም ሰው። ፊልሙን ተርጉሞ ወረቀት ላይ የሚጽፈው እሱ ነው። የወንዶቹን ይናገርና ወዲያው ወደ እናቴ ዘንበል ይላል። አፉን ጆሮዋ ላይ ያደርጋል። የሆነ ነገር ይላታል። እናቴ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ትንሽ ትስቃለች ወይም ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ ማይክሮፎኑን ትይዝና "እወድሃለሁ፣ ያላንተ መኖር አልችልም" ትላለች። ይኼ በአንድ ፊልም ውስጥ መቶ ጊዜ ይሆናል። ጢሙ ጆሮዋን ሲነካው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

አባቴን ጠየቅኩት።

"አባባ፣ አታይም እንዴ?"

"ምኑን?"

"እነሱን።"

አባቴ በመስታወቷ ዘንበል ብሎ አያቸውና ፈገግ አለ። "ጎበዞች ናቸው" ብሎ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። እኔ ያኔ አባቴን ናቅኩት። እውነቴን ነው፣ በዓለም ላይ እንደሱ ያለ ሞኝ የለም ብዬ ደመደምኩ። እሱ የማይቀና ከሆነ ለሁለታችንም እኔ ልቅና ብዬ ሥራውን ተረከብኩት።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ዛሬ ይህን አውቃለሁ። መምህሩ ጆሮዋ ላይ የሚነግራት የሚቀጥለውን ዐረፍተ ነገር የመጀመሪያ ሁለት ቃል ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ይበቃታል። ጠዋት ጠዋት ባዶው አዳራሽ ውስጥ መምህሩ የሴቶቹን ንግግር ሁለት ጊዜ ያነብላታል፤ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ነው። ከሰዓት በኋላ ከነትንፋሹ በቃሏ ትይዘዋለች፤ መነሻውን ብቻ ነው የሚያስታውሳት። እኔ ጠዋት ለምን ሁለቱ ብቻቸውን አዳራሽ ውስጥ እንደሚዘጉ ስጠይቅ "ውጪ ተጫወቺ" ነበር መልሱ። እንዲህ የተባለ ልጅ ምን እንደሚያስብ እናንተው ታውቃላችሁ።

ባለሲኒማው ይህን አያውቅም። መምህሩ "የተማረች ሴት ናት" ብሎ ነው ያስቀጠራት፤ ሽማግሌውም በር ላይ ባስለጠፈው ማስታወቂያ "በሁለት ምሁራን የሚተረጎም" ብሎ ጽፎባታል። ያቺን ማስታወቂያ እናቴ በየቀኑ ታልፋታለች። ምን እንደምትል አባቴ ሳይነግራት አልቀረም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳስብ ዛሬም ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ። እኔ በክፍሌ የንባብ አንደኛ ነበርኩ። አንድ ቀን የጎረቤታችን የጫማ ሰፊው ሚስት ደብዳቤ መጥቶላት አንብቢልኝ ብላ ጠራችኝ። አነበብኩላት። ምሳ ላይ ተቀምጠን ይህንኑ በኩራት ሳወራ "ትልቅ ሰው ሆና ማንበብ አትችልም፣ አታፍርም እንዴ? እኔ ብሆን ከቤት አልወጣም ነበር" አልኩ። አባቴ ኮስተር ብሎ ዝም ብለሽ ብዪ አለኝ። እናቴ ውሃ ላምጣ ብላ ተነሳች። ጆጉ ሙሉ ነበር። እኔ ግን ጨዋታዬ አልጣማቸውም ብዬ አኩርፌ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው የዚያች ሪባን ያላት ልጅ ፊልም በድጋሚ የመጣው። ሰው ሞልቶ በደረጃው ላይ ሁሉ ተቀምጧል። ልጅቷ ታማ እናቷ ትንከባከባታለች። የእናቴ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ አዳራሹን ሞላው፤ "ዓይኔ፣ አትሂጂብኝ፣ እኔ እዚህ ነኝ" ስትል ጎልማሶች ሳይቀሩ ንፍጣቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ያን ቀን ትኩሳት ነበረብኝ። ጠዋት ነግሬያታለሁ፤ ግንባሬን በእጇ ነክታ፣ በእጇ "ተኚ" ብላኝ ነበር የሄደችው። አልተኛሁም፣ ተከትያት መጣሁ። የቆርቆሮው ሣጥን ላይ ቆሜ በመስታወቷ ሳይ መምህሩ ጆሮዋ ላይ ነው፣ እሷ እያለቀሰች ነው፣ መሐረቡንም አውጥቶ ሰጣት።

በቃ፣ ዓይኔ ደም ለበሰ። ወርጄ በቀጥታ ቲኬት ቆራጯ ጋ ሄድኩ።

ቲኬት ቆራጯን እትዬ ነው የምንላት። መልካም ሴት ናት፣ ግን የነገሯት ነገር ሆዷ ውስጥ ሲያድር አያውቅም። ይህንን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅኩም አልልም። ለማን እንደምናገር መርጬ ነው የተናገርኩት።

"እትዬ፣ መምህሩ እናቴን ጆሮዋን ይስማታል" አልኳት።

የፈለግሁት እናቴ እንድትዋረድ አልነበረም። የፈለግሁት ከዚያ ሳጥን ወጥታ ቤት እንድትመጣ ነበር። ድምፅዋንም ይዛ እንድትመጣ።

በማግስቱ እሁድ፣ ከስምንት ሰዓቱ ፊልም በፊት፣ ባለሲኒማው እናቴን፣ አባቴንና መምህሩን ከቲኬት መስኮቱ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ቢሮው ጠራቸው። እኔ ትኩሳቴ ስላልለቀቀኝ ብቻዬን ቤት እንዳልቀር እናቴ ይዛኝ መጥታ ነበር፤ ቀሚሷን ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የዕለቱ ፊልም ወረቀቶች ተደርድረዋል። እትዬ በሩን ከፈት አድርጋ ቆማለች፣ ሄዳ ሥራዋን እንድትሠራ ቢነግሯትም አልሰማችም።

ሽማግሌው ቁጡ ሰው አልነበረም። ማፈሩ ያስታውቅበታል፤ የኮቱን ክር እየጎተተ እኔ የሰው ቤት አልሰልልም አለ። ነገር ግን ቤቴ ቤተሰብ የሚመጣበት ነው፣ ወሬ ከወጣ ሰው ሚስቱንና ልጁን አያመጣም አለ። መምህሩ "ጌታዬ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም፣ እኔ ላስረዳዎ" ብሎ ሲጀምር እናቴ ቅንድቧን አንሥታ አስቆመችው። ያው የቤት ምልክቷ ናት፤ "ተው"። አባቴም አፉን ሊከፍት ብሎ እሷን አየና ዘጋው።

"እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው" አለ ሽማግሌው። "ሁለተኛ ማይክሮፎን አለኝ። እሱ በዚያ ጥግ፣ አንቺ በዚህ ጥግ ሆናችሁ የየራሳችሁን ታነባላችሁ። ወሬውም ያበቃል።" ከዚያም ልቡ እንዲያርፍለት ይመስለኛል፣ አንዱን ወረቀት አንሥቶ ሰጣት። "እስቲ ከዚህ ላይ አንዷን መስመር አንብቢልኝና ድምፁ ይበቃ እንደሆነ እንስማው።"

እናቴ ወረቀቱን ተቀበለችው። በሁለት እጇ ያዘችው። ሽማግሌውን አላየችም፣ አባቴን አላየችም፣ ወረቀቱንም አላየችም። እኔን ነው ያየችኝ።

አለማንበቧ ጥፋተኛ ስለሆነች መሰለኝ። ግን አላስቻለኝም፤ የፈለግሁት ይኼ አልነበረም፣ ሰው ሁሉ ፊት አንገቷን ስትደፋ ማየት አልነበረም። ልረዳት ፈለግሁ። በእግሬ ጣቶች ቆሜ ወረቀቱን ከሥር አየሁትና "እማዬ፣ ቀላል እኮ ነው፣ እኔ ላንብበው?" አልኳት።

ወረቀቱን ወደ እኔ ዝቅ አደረገችው። "አንብቢ እስቲ" አለችኝ። ፊልም ባለበት ቀን፣ በአፏ፣ ለእኔ።

አነበብኩ። ምን አነበብኩ፣ ዘፈንኩት እንጂ! ነጥቡ ላይ እያረፍኩ፣ ጥያቄው ላይ ድምፄን እያነሣሁ፣ ገጹን ሙሉውን። ሽማግሌው ሳቀ፣ እትዬ ከበሩ ላይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሁሉም እኔን ሲያይ እናቴ ሻርፑን ከአንገቷ ላይ ፈታች።

"ልጄ አድጋለች" አለች። "ከእንግዲህ ቤቴን ልይ። ሌላ ሰው ፈልጉ።"

ሽማግሌው ለመናት፣ ወረቀቱንም ተዪው አለ። መምህሩ ደረጃው ላይ ድረስ እየተከተለ በሹክሹክታ ሲያስረዳት እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቃል ብትናገር፣ ፊደል አልቆጠርኩም ብትል፣ ሽማግሌው አቅፎ ይመልሳት ነበር። እንደዚያ ባለ አእምሮ ፊልም ሙሉ በቃሏ የምትይዝ ሴት ከየት ያገኛል? ግን እኔ እዚያ ነበርኩ። ከአራት ቀን በፊት ምሳ ላይ የተናገርኩት ከነቃናው በቃሏ ይዛው ነበር።

ይህን የነገረኝ መምህሩ ነው፤ አባቴ በሞተ ሰሞን ሊያጽናናን መጥቶ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደረጃው ላይ ምን እንዳለችው ጠየቅኩት። "ልጄ ፊት ብቻ አይሁን" ብላዋለች።

ያን እሁድ ግን እኔ አሸንፌ ነበር የሄድኩት። እጇን ይዤ፣ እሰይ እያልኩ። ሳጥኑ ውስጥ የባለሲኒማው የእህት ልጅ ገባች። ከወረቀት እያነበበች ተዋናይዋ ከሞተች በኋላ "እየሞትኩ ነው" ትላለች፤ ሰው ይስቃል፣ ያፏጫል፣ ኋላ ላይ መምጣቱን ተወው። ሌሎች ሲኒማ ቤቶች ተከፈቱ። ሽማግሌው ሲያረጅ ቤቱ ተዘጋና የአልጋና የቁም ሳጥን መሸጫ ሆነ። እናቴ ቤት ገባች፣ እብጠቷም በዕረፍት ጠፋላት። ሐሙስም ቅዳሜም ትናገራለች፤ ሽንኩርት አለቀ፣ ልብስሽን አንሺ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው። ያ ድምፅ ግን አብሯት አልመጣም። ብዙ ጊዜ ጠብቄዋለሁ።

እንደማውቅ ነግሬያት አላውቅም። እሷም ነግራኝ አታውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ መድኃኒቷን እኔ በቀለም እየለየሁ አስቀምጥላታለሁ፣ ለምን እንደሆነ ማናችንም አናነሣም። አሁን የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው።

ባለፈው ወር ጋዜጣ ላይ ስለ ሲኒማ ቤቱ ወጣ። አንድ ወጣት ጸሐፊ የአሮጌ ሲኒማ ቤቶችን ታሪክ እየሰበሰበ ነው። የእህል መጋዘኑን፣ ሳጥኑን፣ "ሁለቱን ምሁራን" ሁሉ ጽፎታል። መጨረሻው አካባቢ አንድ መስመር አለች፤ "የሴቷ ድምፅ በድንገት ሥራዋን ያቋረጠችበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልታወቀም" የምትል። ጋዜጣውን ምንም ሳልል ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሥራ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ቀደም ብዬ ስመለስ ከሳሎን ድምፅ ሰማሁ። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ለእናቴ እያነበበችላት ነው። እናቴ "እስቲ ያቺን ድገሚልኝ" ትላታለች። የለመዱት ነገር መሆኑ ያስታውቃል፤ ልጄ ሳትሰለች ትደግምላታለች። "ለእማዬ አልናገርም አላልኩሽም? አትስጊ" ስትልም ሰማኋት።

ኮሪደሩ ላይ እንደ ቆምኩ ያ የድሮ በሽታዬ ተነሣብኝ። ለእሷ ነግራታለች! ትናንት ለተወለደች ልጅ! እኔ ይህን ቃል ከአፏ ለመስማት ስንት ዓመት ስጠብቅ፣ እሷ ለልጄ በነፃ ሰጠቻት። በሩን በርግጄ ገብቼ አውቃለሁ እኮ፣ ሁሉንም አውቃለሁ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እግሬ አንድ እርምጃ ሄዷል።

ተመለስኩ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁና የማያስፈልገንን ዳቦ ገዝቼ፣ ሰፈሩን አንዴ ዞሬ፣ የውጪውን በር እያንኳኳሁ መጣሁ።

ልጄ ወደ ክፍሏ ገብታለች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጋዜጣውን ይዛ ተቀምጣለች።

"ስለ ሲኒማ ቤታችን ጽፈዋል" አለችኝ። "ቁጭ በይ፣ ላንብብልሽ።"

ተቀመጥኩ። ጀመረች። ያ ድምፅ ነበር። ትንሽ ሻክሯል እንጂ እሱው ነው፤ ሽማግሌውን ስትጠቅስ ሽማግሌውን ሆነች፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ድምጿን ከፍ አደረገች፣ እኔም ጎልማሳ ሴትዮ ዳቦ ታቅፌ እንባዬ ይወርዳል። ከጋዜጣው ሁለት ገጽ አንዲት ቃል አልሳተችም። ዓይኗ ግን ያለው በስተግራ ባለው የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ነበር። ወደዚያች መስመር ስትደርስ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"የሴቷ ድምፅ ሥራዋን የተወችው" ብላ አነበበች፣ "ትንሽ ልጅ ስለነበረቻትና ልጅቷም ስለናፈቀቻት ነው። ጥፋቱ የማንም አልነበረም።"

ጋዜጣው ላይ እንደዚያ የሚል መስመር የለም።

"በደንብ ጽፎታል" አልኳት።